ሦስተኛው እጥፋት

ኦስተንድ፣ የድሮው የዓሣ ጨረታ አዳራሽ፤
ስሙ ዛሬ ጋለሪ ነው፤ ሽታው ግን አልሄደም፤
ግድግዳውን ቢያነጡት፣ ወለሉን ቢፈትጉት፣
ዝናብ በጣለ ቁጥር ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ለማንም አያጎበድድም።

እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ ካፖርት ተቀባይ፣
ቁጥር ሰጪ፣ ጃንጥላ ሰቃይ።
ሰው ትከሻውን አውልቆ ይሰጠኛል፣
ቀለል ብሎ ይገባል፤
ሲወጣ፣ ልማዴ ነው፣ ፊቱን አያለሁ፤
የገባውና የወጣው አንድ ሰው መሆኑን ከቁጥሩ ጋር አመሳክራለሁ።

ትርኢቱ የቲኔከ ነው።
የሰቀለችው ስድስት ሸሚዝ ነው፤ ሰው የሌለበት፣
በስታርች የደረቀ፣ ደረቱን የነፋ፣ እጅጌው የተዘረጋበት።
ከደረቁ ሸሚዞች ውሃ ይወርዳል፤
ጠብ።
ጠብ።
ከየት እንደሚመጣ ቧንቧ ሠራተኛው አያውቅም፤
የምታውቀው እሷ ናት፤ ብትጠየቅ አትናገርም።

መሃል ላይ፣ ከመስታወት ሥር፣ አንዲት ወረቀት አለች፣
በሦስት ታጥፋ ኖራ አሁን የተዘረጋች።
የእነዚያ ሰዎች ጨዋታ ናት፤ “የሕልም ወገን ነን” ያሉት፣
አእምሮን ደጅ አስቁመው እጃቸውን ያስገቡት።
አንዱ ራስ ይስላል፤ አጥፎ ያቀብላል፤
ሌላው ሳያይ ከአንገት በታች ይቀጥላል፤
ሦስተኛው እግር ይሰጠዋል፤
ሲገለጥ፣ እግዜር ያልፈጠረው ፍጡር ቆሞ ይስቃል።

የዚህኛው ራስ የወፍ ጎጆ ነው፤ ጨረቃ ታስራበታለች፤
ገላው የሴት ነው፤ ራቁቷን፣ እንደ ትራስ በክር የተሰፋች።
እግሩ አልተሳለም።
ሠዓሊው ኪሱ ውስጥ ረስቶት ሸሚዙ ወደ አጣቢ ሄደ፤
ጨዋታው በዚያው ቀረ፤ ፍጡሩ ሳይራመድ ዘመን ነጎደ።

አጣቢዋ ጎደሊቫ ነበረች፣ የቲኔከ አያት እኅት፣
ኪስ ሳትዳብስ ልብስ የማትነክር ሴት።
አገኘችው፤ ገለጠችው፤ ራሱንም ገላውንም አየች፤
“ጤና ይስጣቸው” ብላ ባዶውን እጥፋት ወደደች።
ወረቀት ውድ ነው።
እርሳሷን በምላሷ አርሳ እንዲህ ጻፈች፦

ስድስት ሸሚዝ።
ሁለት አንሶላ፣ አንዱ ቀለም የነካው።
የአንገት ልብስ፣ በነጻ።
ያልተከፈለ፦ አራት ፍራንክ።

ይኸው ነው እግሩ።
ጨረቃ የታሰረበት ራስ፣ የተሰፋችው ሴት፣
በአራት ፍራንክ ዕዳ ላይ ቆመዋል፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት።

ከብራስልስ የመጣ ሐያሲ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣
አንገቱን ሰብሮ ቆየ ሸሚዝ ሲያይ፤
ጠብታ አናቱን መታችው፤
“ባሕር” ብሎ ጻፈ።
ከጌንት የመጣች ሴት አራተኛው ሸሚዝ ሥር ቆመች፤
“ትከሻው የባሌ ነው” አለች፤ ጃንጥላዋን ሳትወስድ ወጣች።
ልጆች “ጣሪያው አፈሰሰ!” ብለው ሳቁ።
ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ ሁሉም የየራሳቸውን አወቁ።

ኦክታፍ፣ የአዳራሹ ዘበኛ፣
ሠላሳ ዓመት መረብ የጎተተ መርከበኛ፣
እዚሁ ወለል ላይ ዓሣውን ያስመዘነ፣
ሚዛን ሲያጭበረብር እያየ ዝም ያለ፣
ስለ ትርኢቱ ሲጠይቁት ሳል ይቀድመዋል፤
“ሠርታ ነበር። አልከፈሏትም” ይላል።
ሰሙም ዕዳ፣ ወርቁም ዕዳ፤ ለሱ በቃ።

በመጨረሻው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ፣
የብስኩት ቆርቆሮ በብብቱ ይዞ መጣ፤
ካፖርቱን አልሰጠኝም። እንደ ለበሰው ገባ፤ እንደ ለበሰው ወጣ።

ጠዋት ቲኔከ መስታወቱ ላይ አራት ፍራንክ አገኘች፤
የንጉሡ አፍንጫ የተፋቀበት፣ ዳቦ ቤት የማይቀበለው፣
ባንክም ቀኑ አልፏል ብሎ የመለሰው።
ዲሬክተሩ “ያልተመዘገበ ዕቃ ነው፤ ይነሣ” አለ።
እሷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።
ወደኔ መጣችና “ማነው?” አለች።
“ቁጥር አልሰጠሁትም” አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ከስድስቱ ሸሚዝ አንዱ ነጥቡን ተወ።
ሥሩ ያለው ባልዲ ዝም አለ።
አምስቱ ግን እስከ መዝጊያው ቀን፣
ጠብ።
ጠብ።
ወለዱ ይሆናል።