ጥሪኝ የዘራው

ከሸቤ ወረድ ብሎ፣ ከበለጠ ደን ጥግ፣
ሰሌን ተሰልፏል፣ ተከትሎ ረግረግ፤
አንዱ ካንዱ ሳይርቅ፣ ሳይቀርብም አጥብቆ፣
ሰው የተከለው ይመስል፣ ገመድ አስጠብቆ።

"ማነው የተከለው?" ብዬ ብጠይቃቸው፣
አባ ዋሪ ሳቁ፣ ጥርስ በሌለው አፋቸው፤
"ገበሬውን ልታይ? ማታ ና" አሉኝ፣
"ቀን ይተኛል እሱ፤ ስሙም ነው ጥሪኝ።"

ጨረቃ አልነበረም። ጭቃው ላይ ቁጭ አልን።
ባትሪዬን አስጠፉኝ። ካፊያ መጣብን።
መጀመሪያ ሽታው፣ ቀጥሎ ዝምታ፣
ከዚያም ዥጉርጉር ጎን፣ ወጣ በዝግታ።
ዞር ዞር አለና፣ ትናንት ከቆመበት፣
ከትናንት ወዲያም፣ አምናም ከቆመበት፣
ጅራቱን አነሣ።
ሄደ።
ይኸው ነው እርሻው፤ ሞፈር ቀንበር የለበት።

ሲነጋ በጭራሮ ኩሱን ብንበትነው፣
ሥጋው ተበልቶለት፣ ፍሬው እንዳለ ነው፤
ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ወገቡ የተሰነጠቀ፣
ከሆድ ጨለማ ውስጥ ታጥቦ የጸደቀ።
ስድሳ ሁለት ቆጠርኩ። አባ ዋሪ ሰለቻቸው።

"ዝንጀሮም ይዘራል" አሉ፣ "ግን ችኩል ነው፤
እናቲቱ ዛፍ እግር ሥር ይተፋዋል ፍሬውን።
ዝሆንን ያዩ አባቴ ናቸው፤ እኔ አልደረስኩም።
እሱ ነበር መንገደኛ፤ ጎጀብን ሲሻገር
ሆዱ ውስጥ ጫካ ነበር።
አሁን ማን ያሻግር?"

ከቤታቸው ጓሮ ግን ሌላ ቤት አለ፤
ጭስ የጠገበ ጎጆ፣ ስድስት ሣጥን ያዘለ፤
በየሣጥኑ ጥሪኝ፣ መዞሪያ የሌለው፣
በየዘጠኝ ቀኑ ዝባዱ የሚፋቀው።
ልጃቸው ረሒማ ፍሬ ለቅማ ታበላለች፣
ኩሱን ጠራርጋ ከግድግዳው ኋላ ትደፋለች።
እዚያም በቅሏል ሰሌን።
ግን ሰልፍ የለውም፤
ወዴትም አይሄድም፤
አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ተናንቆ፣
ከአንድ ክንድ ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ደርቆ።
እግር የሌለው ዘር።

"ስሞት ቃሬዛዬ ላይ የሚነጠፈው ከዚያኛው ነው" አሉኝ
ወደ ረግረጉ በአገጫቸው እያሳዩኝ፤
"ከዚህኛው ምንጣፍ አይወጣም።"
ስለ ሣጥኖቹ ልጠይቅ፣ አፌን ስከፍት፣
"ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው" አሉና፣
የቀንድ ማንኪያቸውን ይዘው ገቡ ከጎጆው ቤት።

ጅማ መናኸሪያ ወርጄ፣ ሊስትሮው ልጅ
ጭቃዬን በስንጥር ሲፍቅ ከጫማዬ ሥር፣
አንድ ነገር ወደቀ አስፋልቱ ላይ፤ ነጠር፣ ነጠር።
"ጠጠር ነው ጋሼ" አለኝ።
ላነሣው ጎንበስ ስል
ባጃጅ አለፈበት።