የማዕዘኗ ሳጥን

ቶሊዶ፣ ሞሚ ወንዝ ዳር፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ወደ ሰሜን፣ የከሰል ጭስ ሰማይ።
ንድፍ ገልባጭ ነበርኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ሰም በነካው ጨርቅ ላይ ጥቁር ቀለም ሀብቴ።
መሐንዲስ በእርሳሱ የጫረውን አሳብ
በቀለም አጸናለሁ፣ ሳልጨምር አንድ ነጥብ።

ዴኔሽ ሶልኖኪ መጣ፣ የጥር ብርድ ሲብስ፣
ካፖርቱ የሌላ ሰው፣ እስከ ጣቱ የሚደርስ፤
የዱቄት ወፍጮ ማርሽ ነበር ባገሩ ሲያድስ፣
እንግሊዝኛው ሁለት ቃል፦ «ይቅርታ» እና «ጥርስ»።

ያኔ መኪና ማለት
ማርሿ ሲቀየር የምትጮህ፣ ቢላ እንደሚሞረድባት፣
ውሻ የሚያባርራት፣ ፈረስ የሚደነብርላት፤
በክንድ ተጠምዝዛ ተነሥታ
ያንኑ ክንድ የምትሰብር ናት።

ሌላው ከሥራ ሲወጣ እሱ ምድር ቤት ይወርዳል፣
የእንጨት ዘንግ አንዱን ጫፍ ማርሹ ሳጥን ላይ ያሳርፋል፣
ሌላውን በጥርሱ ይነክሳል፤
ጥርስ ለጥርስ ሲያወራ በአጥንቱ ውስጥ ያዳምጣል።
«አይጣሉም» አለኝ አንዴ፣ «ልክ ያጣ ሰላምታ ነው፤
አንዱ እጁን ሳይዘረጋ ሌላው ቀድሞ የሚጨብጠው።»

ሦስት ዓመት። ስንት ብረት ተላገ፣ ስንት ሌሊት ነጋ።
ቀጥ ብሎ የቆመውን ጥርስ ጋደል አደረገው፣
ነፋስ እንዳገኘው ዝናብ፣ ሰያፍ።
ባንዱ እሑድ መቍረጫው አውራ ጣቱን በላው፣
እስከ አንጓው፣ በግራ በኩል።
ሰኞ በፋሻ መጣ፤ አንድ ጠብታ ደም ቅጂዬ ላይ ወደቀ፤
«ይቅርታ» አለ፣ ለጨርቁ።
እኔም በምላጭ ፋቅሁት።

በኅዳር፣ ገና ሳይነጋ፣ በሰሚት ጎዳና ይዟት ወጣ።
አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ።
የወተት ጋሪው ፈረስ እንደቆመ፣ እንደተኛ፤
ጆሮውን እንኳ አላነሣ፣ ጭራውንም አልወዘወዘ።
ዴኔሽ መሪውን ለቆ ሳቀ፤
ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ንድፉ ለመጨረሻው ቅጂ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።
ከታች፣ በስተቀኝ ማዕዘን፣ አንዲት ሳጥን አለች፣
«ነዳፊ» የሚል ያለባት፣
ልክ አንድ አውራ ጣት የምታህል።
ሚስተር ፔንዳርቪስ ከትከሻዬ በላይ አጎነበሰ፤
ትንባሆ ይሸታል።
«ሶልኖኪ ረጅም ነው» አለኝ፣ «ለሳጥኗ አይበቃትም፤
የኔን ጻፊው፣ ያጥራል።»

የሱ ስም ከሶልኖኪ በሁለት ፊደል ይበልጥ ነበር። ቆጥሬዋለሁ።
ጻፍኩት።
ቀለሙ ሳይደርቅ መጥረግ እችል ነበር፤ አልጠረግሁም።
ደሞዜ በሳምንት ስድስት ዶላር፤ እናቴ ሳል ይዟታል።
ይህ ሰበብ ነው። እውነትም ነው።
ሰሙን አጥርቼ ቀዳሁ፣ ወርቁን በእጄ ቀበርኩት፤
ገልባጭ መባሌ ያን ቀን ገባኝ፣
ንድፍ ብቻ አልነበረም የገለበጥኩት።

ዴኔሽ ቅጂውን አየ። ዓይኑ ማዕዘኗ ላይ ቆየ።
ጥርሱን ነከሰ፤ ዘንግ አልነበረም በመካከል።
«ይቅርታ» አልኩት፣
ካመጣቸው ሁለት ቃላት አንዱን ተበድሬ።
እሱም ቆብ እያጠለቀ፣
«ዝም አለች አይደል?» አለ፣ «ፈረሱ አልነቃም።»

ከዚያ ፍሊንት ሄደ አሉ፣ ከዚያ ወንዝ ተሻግሮ ዊንዘር፤
አምስት ፋብሪካ፣ አምስት ዓይነት አጻጻፍ በደሞዝ መዝገብ፤
በመጨረሻ የሌሊት ተቆጣጣሪ፣ ፋኖስ ይዞ
ያለቁ መኪኖችን ጎን የሚነካ።
ፔንዳርቪስ በኮሪደሩ በዘይት ቀለም ተሰቀለ።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
የሱ ስም ከመኪና በታች ዋለ።

አሁን ጆሮዬ ደክሟል፣ መኪና ማለፉን
የማውቀው መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ ነው።
ያን የተበላሸ ቅጂ ግን አልጣልኩትም፤
ደም የነጠበበትን።
በደንብ ፍቄው ነበር፤ ወደ መስኮቱ ስዘረጋው ግን
በሰባተኛውና በስምንተኛው ጥርስ መሐል
ቡና የመሰለች ጥላ አለች፣
ሳጥን የሌላት።