ምርቃት

ከጅማ ተነሥቼ ሸኪን እንዳለፍኩኝ
ሞተሩ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ጣለኝ።
ታብሌቷን በፌስታል ጠቅልዬ ከደረት፣
በእግሬ ወረድኩኝ ወደ ነጂሓ ቤት።

ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።
በመጀመሪያው ዙር ጣሪያው ሣር ነበረ፤
በሁለተኛው ዙር የብድር ፍየሎች፣ ሁለት፣ ተጨመረ፤
አሁን ለተላክሁት ርእሱ እንዲህ ይላል፦
«ከመርሐ ግብሩ የተመረቀ ቤት ከዓመት በኋላ እንዴት ውሎ ያድራል?»

ወረቀቱ አለ፣ ግድግዳው ላይ ውሎ፣
በላስቲክ ተለብጦ፣ በሚስማር ተንጠልጥሎ፤
ሐምራዊ ማኅተም፣ የሊቀ መንበር ፊርማ፣
የእሷ ስም፣ በሁለት የፊደል ስሕተት፦
«ናጅያ አባ ጭብሣ፣ ራስዎን ስለቻሉ እንኳን ደስ ያለዎት።»

እሷ «ኤባ» አለችው፣ እኔ ደግሞ ምርቃት፤
በሁለቱም ቋንቋ ቃሉ እርጥብ ሣር አለበት፣
ሽማግሌ ቆሞ፣ እጅ ተዘርግቶ፣ «አሜን» የሚባልበት።
እኔ ግን ያደግሁት ሂርማታ ገበያ፣ እናቴ በቆሎ በጣሳ ስትሰፍር፤
ምርቃት ስንል እኛ ያቺን እፍኝ ነበር፣
ጣሳው ከሞላ ወዲያ፣ ለደንበኛ ፍቅር።
ይህንን ስነግራት ሣቀች ነጂሓ።
«የእናንተዎቹማ» አለች፣
«መርቀው ቀነሱ።»

አንዷ ፍየል ሞተች። አንዷን ሸጣ ነው ቆርቆሮ የገዛችው።
የልማት ሠራተኛው፣ የዋህ ልጅ፣ ከወሊሶ፣
«ሣር ቤት ያሳፍራል» አላት አንድ ቀን፣ ከደጃፏ ተመልሶ።
ቆርቆሮው ሲመታ ነጥቧ ከፍ አለ፤
ነጥቧ ከፍ ሲል ጊዜ፣ ስሟ ከዝርዝሩ ሄደ፣ ተነቀለ።
ጎረቤቷ አባ ፊጣ ግን፣ ብልህ ሰው፣
ሰባት ቅጠል ቆርቆሮ ከገለባ ሥር ደብቆ፣
እስከ ዛሬ ስንዴ ይሰፈርለታል፣ ድህነቱን ጠብቆ።

«እኔን የተበደለች ብለህ እንዳትጽፈኝ» አለች፣ ድንች እየላጠች፤
«ያ እርከን፣ ከላይ፣ በእጄ የቆፈርኩት፣
አፈሬን ይዟል፣ ከጎርፍ ጋር አልሄደም።
ምንጩም ተገንብቷል። ልጄ ሒንዲያ ስምንተኛ ክፍል ናት፤
ከተማ ለሰው ቤት አልሰደድኳትም። ጻፍ።
ሐምሌና ነሐሴ ግን ከድንች በቀር የለም።
እሱንም ጻፈው፣ እዚያው፣ በአንድ መስመር።»

ሁለቱን በአንድ መስመር የሚይዝ ሣጥን የለም።
አንዱን መንካት አለብኝ፦ ተሻሽሏል፣ ወይም አልተሻሻለም።

ከዚያ ዝናብ መጣ።
በሣሩ ጊዜ እኮ፣ ዶፍ ሲወርድም እንኳ፣ እንደማመጥ ነበር፤
አሁን ቆርቆሮው ላይ ሰማይ ጠጠር በትኖ ሲደልቅ፣ ሲደልቅ፣
ጮኽኩኝ፦ «ጥያቄ አርባ ሰባት! ባለፉት ሠላሳ ቀናት
ራት ሳትበሉ ያደራችሁበት ሌሊት አለ?»
እጇን ከጆሮዋ አድርጋ «ምን?» አለች።
ደግሜ ጮኽኩ። «ምን?»
ሒንዲያ ከጓዳ በሣቅ ፈረሰች።
እናቷ አልሣቀችም።
ይመስለኛል፣ ሰምታኛለች።

ዘጠና ዘጠኝ «አላውቅም» ነው። ዘጠና ስምንት «ፈቃደኛ አይደለሁም»።
ለዝናብ ኮድ የለውም።
ጣቴን ከመስታወቱ በላይ አንጠልጥዬ ቆየሁ
ድንቹ እስኪበስል።