የአፈር ሚዛን

ከተማው አል ዓይን፣ ምንጭ ማለት ነው አሉኝ፤
ዓይንስ የእኔ ነበር፣ ነጥፎ የቀረብኝ።
ከቴምሩ ሥር ያለው ቦይ ፈለጅ ይባላል፤
እኔ ፈለግ ስለው ጉል ዘማን ይስቃል።
ዘጠኝ ክረምት ሙሉ፣ ክረምት በሌለበት፣
የደረቀ ዝንጣፊ ከምሬ እሳት ለኮስኩበት፤
“አሸዋው ይጽዳ” ነው የባለቤቱ ትእዛዝ፣
እኔም አጸዳሁት፣ ጢሱ ዓይን እስኪይዝ።

ሐሙስ ጠዋት መጣች አንዲት የሱዳን ምሁር፣
ኢኽላስ የምትባል፣ ጥፍሯ ሙሉ አፈር።
“ቆፍርልኝ” አለች። ቆፈርኩ እስከ ጉልበቴ፤
አሸዋ ብቻ ሆነ የጠዋት ልፋቴ።
ሁለተኛው ጉድጓድ ከአጥሩ ማዶ ነበር፣
ቅጠል የማይጠረግበት፣ የሰነፍ ሰው አፈር፤
ጠቆር ያለ ነገር አካፋዬ ላይ መጣ፣
ትሉም ከነቤቱ ተገልብጦ ወጣ።

ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ሁለት ጣሳ ሞልታ፣
ግራና ቀኝ ሰቅላ አየች በዝምታ።
አሸዋው ዘቀጠ፤ ጥቁሩ ከፍ አለ።
“ይሄኛው ቀላል ነው፣ ሙት ቅጠል ስላዘለ።
ካርቦን ነው፤ ከሰል በለው፣ ሳይነድ የተኛ፣
ቴምሩ ከአየር ላይ ያስጠጋው መንገደኛ።
የተነፈስከውን ቅጠል ይቀበላል፤
ቅጠሉ ይወድቃል፤ አፈሩ ይውጣል፤
ትሉ ይተነፍሳል፤ ተመልሶ ይበራል።
ጥቂቱ ግን ይቀራል፣
ከጭቃ ተቃቅፎ መቶ ዓመት ይተኛል።
ስታቃጥለው ግን ባንድ ማታ ያልቃል።
ነዳጁም ዘመዱ ነው፣ የጥንት ባሕር ሬሳ፣
ቀብሩን ከፍተንበት በየመንገዱ የሚያገሳ።”

እሷ ትናገራለች፤ እኔ “ቀላል” ላይ ቀረሁ፣
አምና በነሐሴ ያልኩትን አነሳሁ።
ወንድሜ ከሐርቡ “እምዬ አረፈች” ሲለኝ
“አፈሩ ይቅለላት” አልኩ፤ ሌላ ቃል ጠፋብኝ።
ሁሉም የሚለውን፣ እኔም የለመድኩትን፤
ማን መዝኖ ያውቃል የአፈር መቅለሉን?
“አፈር ስሆን፣ ብላ” ትለኝ ነበር ያኔ፤
ሆነች እንደ ቃሏ። ምን በላሁኝ እኔ?

ጥቁሩን ጣሳ አንስቼ በሁለት እጅ ያዝኩት፤
እውነት ነው፣ ይቀላል። ሁለቴ መዘንኩት።

ማታ ጉል ዘማን ክብሪቱን ሊጭር ሲል
እጁን ያዝኩት።
ዝንጣፊውን ከአሸዋው ጉድጓድ
አንድ በአንድ አወረድኩ፣
አፈር መለስኩበት።
“ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?” አለኝ እየሳቀ።
“አዎ” አልኩት፣ “አምና”።
ፈለጁን ከፈትኩት።