ጉም ለብሶ ሆጤ

ሸዋ በር ከታች ነው የአባቴ የይማም ሱቅ፣
ሁለት ሰው ከገባ ለሦስተኛው ጭንቅ።
በጃንሆይ ዘመን፣ ሐምሌ ሊገባ ሲል፣
አንድ ነጭ ጎንበስ አለ፣ በሩ አላሳልፍ ቢል።

አርቪድ ነው ስሙ፤ እኛ «አርቢድ» አልነው።
ከስዊድን የመጣ፣ የጋራዥ መምህር ነው።
ከጋዜጣ ጥቅል አንድ ጥንድ መዘዘ፣
ሶሉ አፉን የከፈተ፣ ችንካሩ የደነዘዘ።
አባቴ ገለበጠው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤
«ግራኝ ነህ» አለው፣ «ግራው ነው የፈረሰ።»

ሳቀና ሰውዬው በሰባራ አማርኛ ቆጠረ፦
ዐሥራ አንድ ዓመት ለወረቀት ፋብሪካ ቡድን በግራ ክንፍ በረረ፤
አርባ ሦስት ጎል፤ ሁለቴ የወለቀ ጉልበት፤
በረዶውን በአካፋ ጠርገው የተጫወቱበት፤
አንድ ጊዜ ደግሞ፣ አንዴ ብቻ፣ ያገሩን ማልያ ለብሶ፣
ዐሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ያውም ጨዋታው ሊያልቅ ደርሶ።

«ኳሷንስ?» አለ አባቴ፣ ክሩን እየጎተተ።
«አንዴ። ወደ ኋላ» አለ፣ በመዳፉ እያመለከተ።
አባቴ ዝም አለ፣ ወስፌውን እያሻሸ፤
«ስፌትም» አለ ቆይቶ፣ «ወደ ኋላ ካልሸሸ
አይጠብቅም።» ማጽናናቱ ይቺው ነበረች፤
ከሒሳቡ ላይ ግን አምስት ሳንቲም አልቀረች።

እሑድ ሆጤ ሜዳ ለጋራዦቹ ተሰለፈ፣
በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጉልበቱን በፋሻ እንዳቀፈ።
ከዕረፍት ሲመለሱ ጦሳ ተነፈሰ፣
ጉሙ ቁልቁል ወርዶ መረብ የሌለውን ጎል አለበሰ።
ሃያ ሁለቱም ባንድ ነጭ ጋቢ ተከፈነ፤
ዳኛው የት እንዳለ? ፊሽካ ብቻ ሆነ።

ድው! የሚል ሰማን፣ ቆዳ በቆዳ።
ከዚያ የእንጨት ድምፅ። ከዚያ ዝም አለ ሜዳ።

በረኛው እንድሪስ «አልገባችም» ብሎ በእናቱ ማለ፤
ከኋላው፣ ከቦዩ፣ አንድ ልጅ ኳሷን ይዞ ዘለለ።
ዳኛው ጢሙን ዳሰሰና «ያላየሁትን አልጽፍ»
ብሎ ሄደ፤ ከተማው ግን እስከ ዛሬ ሲለፈልፍ፤
ፒያሳ ዛሬም አለ ሙግቱ፤ ጠረጴዛ እየመቱ
«ባይኔ ዐየሁ» ይላሉ፣ ያኔ ገና ያልተወለዱቱ።

አርቪድ ራሱ? ጠይቀነው ነበር ሊሄድ ሲል፣
ትከሻውን ሰበቀ፣ «ጥሩ መታኋት» እንጂ ሌላ ሳይል።
ጫማውን ዳግም ለጥገና ሰጥቶ፣
ሳይወስደው ሄደ፣ ድንገት ቴሌግራም መጥቶ።

አባቴ አልሸጠውም። «የሰው ነው» አለ፣ እስኪሞት።
ሱቁን ስዘጋ አወረድኩት፣ ከሚስማሩ፣ ከተሰቀለበት፤
ግራውን ገልብጬ ዐየሁ፦ አንድ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፤
ቆዳው ተበጣጥሷል፤ ክሩ ግን ዛሬም አልላላ።

እግሬን አስገባሁ።
ሰፋኝ።