ንጉሡ ሠ

ለገሐር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ለደመናው ግን ገና ትናንት።
ባሕር ማዶ ነው መኖሪያው፤ አያካፋም፣ አይዘንብም፤
በጥቁር መስኮት አዘዋለሁ፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም።
የሚጫኑት ሥዕል የለ፣ ባለቀለም ቁልፍ የለም፤
ፊደል ብቻ፣ ጭረት ብቻ፤ አንዲት ነጥብ ብትዛነፍ ይቅርታ አያደርግም።

«ሥራዎችን ዘርዝር» ስለው ይዘረዝራል፤
«ሦስተኛውን አስነሣ» ስለው «ተነሥቷል» ይላል።
«የት ደረስክ?» ብዬ ስጠይቀው
«በሂደት ላይ» ነው የሚለው፤
ቆይቼ ስመለስም ያው፣
እንደ ወረዳ ጸሐፊ፣ አንገቱን ቀና ሳያደርግ «ነገ ና» እንደሚለው።

ከታች ጋሽ ደበላ ሬዲዮኑን ደረቱ ላይ አስተኝቷል፤
ከድልድዩ ላይ ባቡሩ መብራቱን አጥፍቶ ቆሟል።

የዛሬ ማታ ማምሸቴ የአንዲት መስመር ዕዳ ነው።
ባለፈው ወር የጡረተኞቹን መዝገብ ወደ ደመናው ስናወጣው፣
ከዘጠኝ መሥሪያ ቤት፣ ከዘጠኝ ጸሐፊ እጅ የመጣ ነውና፣
አንዱን ኃይሉ በሦስቱ ሀ ሦስት ሰው ሆኖ አገኘነው።
አለቃዬ ወይዘሮ ፍሬሰንበት በመነጽሯ አናት አየችኝና
«አንድ አድርጋቸው» አለችኝ፤ «በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነውና።»

ደንብ ጻፍኩ፣ ቁጥር ሰባት፦
ሐመሩም ብዙኃኑም ወደ ሃሌታው ይግቡ፤
ዐይኑ ዐ በአልፋው ይተካ፤ ፀሐዩ ወደ ጸሎቱ፤
ንጉሡ ሠ ወደ እሳቱ።
ኢንተር መታሁ።
አርባ ሺህ ስም፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ስሕተት ዜሮ።
ንጉሡን እሳት በላው፣ ያለ ለቅሶ፣ ያለ እሮሮ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጡ። ባርኔጣ፣ ከዘራ፣ የተጠቀለለ ወረቀት።
አቶ ሠረቀብርሃን አስፍሐ፤ ሠላሳ አራት ዓመት
የመብራት ምሰሶ የወጡ፣ ቆጣሪ የነካ የያዙ፤
ሊፍቱ አይሠራምና አራቱን ፎቅ በየደረጃው እያረፉ የተጓዙ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጎሕ ሲቀድ ነው የተወለድኩ፤ አባቴ
ብርሃን ወጣ ሲል ሠረቀ አለኝ፣ በንጉሡ፤ እናቴ
ረዘመ ብላ ተቃውማ ነበር።» ትንሽ ሳቁ።
ከዚያ ወረቀቱን ዘረጉ፤ ጣታቸው ስሙ ላይ አረፈ።
«እናንተ ግን በእሳቱ ጻፋችሁት። ብርሃን ሰረቀ።
እኔ? ስንቱን ሽቦ ቀጣይ ከምሰሶ ላይ ያወረድኩ?»

«ገንዘቡ ግን ገብቷል አይደል?» አልኩ። ሞኝነቴ።
«ገንዘቡማ ገብቷል። የሞትኩ ቀን ግን ልጆቼ ማስረጃ ሲያወጡ
ይኼንን ነው ይዘው የሚመጡ?»

በአፍ ሲጠሩት አይለይም፤ ጆሮ ሁለቱን አንድ አርጎ ነው የሚሰማ።
የሚለያቸው ዐይን ነበር፤
ዐይኑንም ያጠፋሁት እኔው ነኝ፣ በዚያችው መስመር፣ ሳላቅማማ።

ጥሬውን አልደመሰስኩም ነበር፤ እሱ አወጣኝ።
ዛሬ ሁለት ዓምድ ሠራሁ፦ አንዱ ለማሽኑ ማመሳከሪያ፣ እንዳሻው የሚጨፈልቀው፤
አንዱ ለባለስሙ፣ አባቱ እንዳወጣለት፣ ማንም የማይነካው።
«ሰባተኛውን አቁም።» «ቆሟል።» «ስምንተኛውን አስነሣ።»
እኩሌታው ላይ መብራት ሄደ፤ ለገሐር ጨለማ ለብሳ
ከታች ጋሽ ደበላ ጮኸ፦ «መብራቱን ማን ሰረቀው?»
በየትኛው ሰ እንዳለው አልጠየቅኩትም።
ባትሪዬ አርባ በመቶ። በስልኬ ዳታ ጠየቅኩት፤
ደመናው ምንም አልሰማም፤ «በሂደት ላይ» ነው የሚለው።

ሊነጋጋ ሲል ጨረሰ። ንጉሡ ወደየስሙ ገብቷል።
አሥራ ዘጠኝ ሰው ቀርቷል፤
ጥሬው ራሱ የደበዘዘ፣
ሠናይት ይሁኑ ሰናይት ማሽኑም እኔም ያላወቅነው።
ለዚህ ትእዛዝ አልተሠራለትም።
ስልካቸውን በእስክርቢቶ ገለበጥኩ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን እደውላለሁ፤
«ይቅርታ እማማ፣ በየትኛው ሰ ነው የሚጻፉት?» እላለሁ።