ሰላምታ የረሳው

ከማለዳው ጉም ውስጥ ሦስት ምሰሶ ወጣ፤
ባሕር ሲያስተምር የከረመ መርከብ ሞንቴቪዴዮ መጣ።
ሕዝቡ ቆሞ ይጠብቃል፣ የወደቡን ግንብ ታክኮ፤
ዶኛ ኤውላሊያም አለች፣ በሌሊት አውቶቡስ ደርሳ፣
ሻሿን ነፋስ ማርኮ።

ሸራው ተጠቅልሏል። በአግዳሚው እንጨት ላይ
ተማሪዎቹ ቆመዋል፣ ነጭ ለብሰው፣ በሰማይ።
አርባ ነጭ ነጥብ። የትኛው ነው ቴልሞ?
የታኳሬምቦ ልጅ፣ ፈረስ ላይ ደፋር፣
መሰላል ከወጣ ግን የሚያድር ታሞ።

ፊሽካው ተነፋና ቆብ ሁሉ ተነሣ፤
አንዱ ብቻ ቀረ፣ ሰላምታ የረሳ፣
ገመዱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
"ያ ነው የኔ!" አለች፣ ድምፅዋ ከመለከቱ ገንኖ።

"ያ ፈሪው?" ሲል ሳቀ ዓሣ ሻጩ፣ ቅርጫቱን አዝሎ።
"እሱማ እየፈራ ወጣ፤
ሌላው ዝም ብሎ።"